ቫይታሚን ኢ ወስጄ አላውቅም፣ ደሜ ውስጥ ግን ከልክ በላይ ነው ተባለ። በዘር ነው?

የበኩር ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ጉዳዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

44 ዓመቴ ነው። የእግሬ ጣቶች ሲደነዝዙኝ ከርመው ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የደም ቅባትና አንዳንድ ቫይታሚኖች ታዘዙልኝ። ደም የሰጠሁት ጠዋት በባዶ ሆዴ ነው። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 250፣ ትራይግሊሰራይድ 390 ሆነ። ሁለቱም በዴሲሊትር በሚሊግራም ነው። ቫይታሚን ኢ ደግሞ በሊትር 21 ሚሊግራም። ወረቀቱ ላይ ለቫይታሚን ኢ የተጻፈው ጤናማ መጠን ከ5.5 እስከ 17 ነው። ከእኔ ቁጥር አጠገብ ወደ ላይ የምታሳይ ቀስት አለች።

ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ቫይታሚን ኢ በክኒንም ሆነ በሌላ መልክ ወስጄ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜን "እስኪ አንተም ተመርመር" አልኩት። እሱ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ የምንበላውም አይገናኝም። ኮሌስትሮሉ 235፣ ትራይግሊሰራይዱ 310፣ ቫይታሚን ኢው 18.5 ሆነ። ባለቤቴ ግን ከእኔ ጋር ከአንድ ድስት ነው የምትበላው። የእሷ ኮሌስትሮል 175፣ ትራይግሊሰራይድ 95፣ ቫይታሚን ኢ 9.5። የእኔን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ይህን ያየ አንድ ዘመዳችን "አንቺ ጎድሎሻል" አላትና ባለ 400 ዩኒት ክኒን ገዛን። እሽጉ ገና አልተከፈተም።

አንድ ነገር ልጨምር። አባታችን በ52 ዓመቱ በቆሽት ብግነት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ያኔ የተቀዳው ደም ሲረጋ ላዩ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ነበር ብላ እናቴ እስከ ዛሬ ታወራለች። ልጅ ስለነበርኩ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። አሁን ግን ይህ ቁጥር ከእኔና ከወንድሜ ላይ ሲገኝ ያ ነጭ ደም ትዝ አለኝ። ከአባታችን የወረስነው ነገር ይኖር ይሆን? ቫይታሚኑስ ሊመርዘኝ ይችላል? የሚያውቅ ካለ በእግዚአብሔር ያስረዳኝ።

ደህና ዋሉ፦

ወንድሜ፣ ምን ያስጨንቅሃል? ቫይታሚን ኢ እኮ አንቲኦክሲዳንት ነው። ልብን ይጠብቃል። ከፍ ካለልህ ተመስገን በል። ባለቤትህም ክኒኑን ትጀምር፣ አይጎዳትም።

ነጭ ጋዋን፦

ላብራቶሪ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ብዙ አይቻለሁ፣ ብዙ ሰውም ተደናግጦበት አይቻለሁ። ስለዚህ ረጋ ብለህ አንብበኝ።

ቫይታሚን ኢ በውኃ አይሟሟም፣ በቅባት ነው የሚሟሟው። ደም ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስለዚህ ቫይታሚን ኢ በደም ውስጥ በራሱ እግር አይሄድም። ቫይታሚን ኤ ከጉበት ሲወጣ ለእሱ ብቻ የተሠራ ተሸካሚ ፕሮቲን አለው። ቫይታሚን ዲም አለው። ቫይታሚን ኢ ግን በደም ውስጥ የግሉ የሆነ ተሸካሚ የለውም። የሚታዘለው ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድን በሚያመላልሱት እንክብሎች ላይ ነው። ኤልዲኤል፣ ኤችዲኤል የምትሏቸው እነሱ ናቸው። ከአንጀት ሲወጣም በቅባት እንክብል ላይ ተጭኖ ነው። ጉበት ይቀበለውና እንደገና በሌላ እንክብል ጭኖ ወደ ደም ይልከዋል።

አሁን የአንተን ነገር አስበው። ደምህ ውስጥ እንክብሎቹ ብዙ ናቸው፣ ቶሎም አይጸዱም። ስለዚህ የታዘለው ቫይታሚን አብሯቸው ደም ውስጥ ይቆያል። ቁጥሩ ከፍ ያለው ቫይታሚን ስለበዛብህ ላይሆን ይችላል። ተሸካሚው በዝቶ ነው።

ይህንን ለማየት ማካፈል ነው። ቫይታሚኑን ለቅባቱ። ያንተ ኮሌስትሮልና ትራይግሊሰራይድ ሲደመር 640 ነው፣ በሊትር 6.4 ግራም ማለት ነው። 21 ለ6.4 ሲካፈል 3.3 ይመጣል። ወንድምህ 18.5 ለ5.45፣ 3.4። ባለቤትህ 9.5 ለ2.7፣ 3.5። አየህ? ሦስታችሁም ያው ናችሁ። እንዲያውም በአንድ ግራም ቅባት ከሦስታችሁ ትንሽ የሚበልጠው የእሷ ነው። "ጎድሎሻል" የተባለችው እሷ ናት!

በዚህ ስሌት አዋቂ ሰው እጥረት አለበት የሚባለው በአንድ ግራም የደም ቅባት ከ0.8 ሚሊግራም በታች ሲሆን ነው። በደንብ ሲሰላ ሌሎች ቅባቶችም ይደመራሉ፣ እኔ ወረቀትህ ላይ ያሉትን ሁለቱን ብቻ ነው የወሰድኩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው ያስረዘምኩት። ወረቀቱ ላይ ያለው "ከ5.5 እስከ 17" የሚለው የአንተን ቅባት አያውቅም። ቀስቷን የሚያወጣው ማሽንም አያውቅም። የተገላቢጦሹ ደግሞ የባሰ ነው። ቅባቱ በጣም ከፍ ያለ ሰው በእርግጥ ቫይታሚኑ ጎድሎት ሳለ ቁጥሩ "ጤናማ" ሆኖ ሊያልፍ ይችላል።

ለ"ደህና ዋሉ" ደግሞ በአክብሮት። ያ ተስፋ እኛም ነበረን። ተሞክሮ ግን አልሠራም። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የወጣ ሆፕ የተባለ ጥናት ለልብ ሕመም የተጋለጡ ከ9,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ነበር። በየቀኑ 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ለአራት ዓመት ተኩል ያህል የወሰዱት ቫይታሚን የሌለበት አምሳያ ክኒን ከወሰዱት በልብ ሕመም አልተሻሉም። ሴሌክት የተባለው ደግሞ ከ35,000 በላይ ወንዶችን አካቶ ነበር። በ2011 የወጣው ውጤት፣ ያንኑ 400 ዩኒት ብቻውን የወሰዱት ላይ የፕሮስቴት ካንሰር በ17 በመቶ ጨምሮ እንደተገኘ ነው የሚለው። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ ከፍ ያለ ቫይታሚን ኢ ቢጨምር መድማት ሊበዛበት ይችላል። እና "አይጎዳም" ብሎ መምከር ከባድ ነው።

የበኩር ልጅ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ማካፈሉን ከባለቤቴ ጋር ቁጭ ብለን ራሳችን ደግመን ሠራነው። እሽጉን እንደታሸገ መሳቢያ ውስጥ ከተትነው።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። እሺ፣ ቫይታሚኑ ቅባቱን ተከትሎ ነው። ቅባቱ ራሱስ? ወንድሜ ቀጭን ነው አልኳችሁ። ከየት መጣበት?

ክሮሞዞም 11፦

ሰላም ወንድሜ። የማስተምረው ሥነ ዘር ነው። ይህ ጥያቄ ደግሞ ልቤን የሚነካው ዓይነት ነው።

ክሮሞዞም ማለት የዘር ጽሑፋችን የተጠቀለለበት ክር ነው። ክሮሞዞም 11 ላይ አፖኤ5 የሚባል ጂን አለ። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። አገኛኘቱን ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። የሰውንና የአይጥን የዘር ጽሑፍ ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡ። በሁለቱም ላይ ሳይለወጥ የቆየ ቦታ ሲያዩ "እዚህ ጋ የሚጠቅም ነገር አለ" ብለው ቆፈሩ። ጂኑ የተነሳባቸው አይጦች ትራይግሊሰራይዳቸው አራት እጥፍ ወጣ። የሰው ጂን የተጨመረላቸው ደግሞ ወደ አንድ ሦስተኛ ወረደ። አንድ ጂን ነው እንግዲህ።

የጂኑ ሥራ ምንድን ነው ካልክ፣ በደም ሥር ግድግዳ ላይ ትራይግሊሰራይድን የሚቆርጥ ኢንዛይም አለ። አፖኤ5 ለዚያ ኢንዛይም አጋዥ ነው። አጋዡ ሲያንስ ቆራጩ ይዘገያል፣ ቅባቱም በደም ውስጥ ይቆያል። ከዚህ ጂን መነሻ አጠገብ ብዙ ሰው የሚሸከመው የአንድ ፊደል ልዩነት አለ። አንዱን ቅጂ የወረሰ ሰው ትራይግሊሰራይዱ በአማካይ 16 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። ከእናትም ከአባትም የወረሰ ደግሞ ከዚያ በላይ።

አሁን ወደ ቫይታሚን ኢ ልመልስህ፣ ምክንያቱም የጥያቄህ እምብርት እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት የብዙ ሰዎችን ጂን ከዳር እስከ ዳር ፈትሾ "የቫይታሚን ኢን መጠን የሚለዋውጠው የትኛው ነው?" ብሎ ጠየቀ። የወጣው መልስ አፖኤ5 አጠገብ ያለ ልዩነት ነበር። ለቫይታሚን ኢ ሲፈልጉ የቅባት ጂን አገኙ ማለት ነው። ከዚያ የትራይግሊሰራይዱን ልዩነት በስሌት ሲያወጡት ግንኙነቱ ከሰመ። ነጭ ጋዋን በማካፈል ያሳየችህን ነገር እነሱም በሌላ መንገድ ደረሱበት።

በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ሁለት ቦታዎች ጨመረ። አንዱ ስካርብ1 ነው፣ ሴሎች ከኤችዲኤል ላይ ቅባት የሚቀበሉበት በር ነው። ሌላው ሲዋይፒ4ኤፍ2 ይባላል። ይህኛው ከሌሎቹ ይለያል። ቫይታሚን ኢን ራሱን የሚሰባብር ኢንዛይም ነው። ኢንዛይሙ የደከመበት ሰው ቫይታሚኑ ቶሎ አይወገድለትም። ይኸው ኢንዛይም ቫይታሚን ኬንም ይሰባብራል። ስለዚህ የቫይታሚን ኬን ሥራ የሚገታው ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ለአንዱ ሰው ብዙ፣ ለሌላው ትንሽ የሚታዘዝበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

የእናንተ ቤተሰብ የትኛውን እንደተሸከመ ከዚህ ሆኜ ልነግርህ አልችልም። አንድ ጂን ብቻ ላይሆንም ይችላል። ትራይግሊሰራይድ ከፍ የሚልባቸው አብዛኞቹ ቤተሰቦች ውስጥ ትንንሽ ልዩነቶች ተጠራቅመው ነው። የአባትህ ነጭ ደም ግን ተራ ወሬ አይደለም። ደም ሲረጋ ላዩ ወተት የሚመስለው ትራይግሊሰራይድ በጣም ሲበዛ ነው። ከ500 ሲያልፍ ለቆሽት ያሰጋል፣ ከ1,000 በላይ ደግሞ አደጋው ከፍ ይላል። እናትህ ያየችውን በደንብ ነው ያየችው። ይህንን ለሐኪምህ ንገረው።

የጂን ምርመራ ላድርግ ወይ ብለህ እንዳትቸገር። 390 ላይ ሆነህ ሕክምናህን ብዙም አይለውጠውም። ይልቅ ቅባቱን የሚገፉ ሌሎች ነገሮችን አስመርምር። ስኳር፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ኩላሊት፣ አልኮል፣ አንዳንድ መድኃኒቶች። ዘር መነሻውን ያበጃል፣ እነዚህ ደግሞ ከዚያ ላይ ይገፋሉ። የእግርህ መደንዘዝ ደግሞ ስኳርን እንድጠረጥር አድርጎኛል። ልጆች ካሉህ የእነሱም ቅባት ይታይ።

ጸጥ ያለ አንባቢ፦

ይቅርታ፣ መሃል ገባሁ። የእኔ ትራይግሊሰራይድ 110 ነው፣ ደህና። ኤልዲኤሌ ግን 240 ነው። እናቴም እንዲሁ ነበረች። ይህ ከላይ ከተነገረው ጋር አንድ ነው?

ክሮሞዞም 11፦

አንድ አይደለም። ትራይግሊሰራይድ ደህና ሆኖ ኤልዲኤል ብቻ ከ190 ሲያልፍ፣ በተለይ በቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ በዘር የሚወረስ የኮሌስትሮል ሕመም ይጠረጠራል። ከ250 ሰው አንዱ ገደማ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ጉበት ኤልዲኤልን ከደም የሚይዝበት ተቀባይ ነው። ብራውንና ጎልድስቲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ኖቤል የተሸለሙት ይህን መንገድ ስለገለጡ ነው። ጥሩ መድኃኒት አለው፣ ቶሎ መጀመር ነው ትልቁ ነገር። እባክሽን ወይም እባክህን፣ ሐኪም ዘንድ ሳይሄዱ መቆየት አይገባም።

የእህቷ ወንድም፦

ብዙ ጊዜ አልጽፍም። "ጎድሎሻል" የሚለውን ቃል ሳይ ግን ማለፍ አልቻልኩም። እኛ ቤት በእርግጥ የጎደለባት ነበረች።

ታናሽ እህቴ 9 ዓመት ሲሆናት መሰናከል ጀመረች። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ጽሕፈቷ ተበላሸ። በጨለማ መቆም አቃታት። አስተማሪዋ "ሰንፋለች" አለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ተንከራተትን። በመጨረሻ ፍሪድራይክ አታክሲያ የሚባል፣ ነርቭን እየጎዳ ሚዛን የሚያሳጣ የዘር ሕመም ነው ተባልን፣ መድኃኒት የለውም ተባልን። እናቴ ያን ቀን ምንም አልተናገረችም።

የዚያ በሽታ የጂን ምርመራ ሲሠራ ግን አልሆነም። ከዚያ አንዲት ወጣት ሐኪም "ቫይታሚን ኢዋ ታይቷል?" ብላ ጠየቀች። አልታየም ነበር። ሲታይ በሊትር 1.2 ሚሊግራም። ቅባቷ ግን እንደማንኛውም ልጅ ነው፣ ኮሌስትሮል 170፣ ትራይግሊሰራይድ 90። ነጭ ጋዋን እንዳስተማረችን ዛሬ አካፈልኩት። 0.5 እንኳ አይሞላም።

ክሮሞዞም 8 ላይ ቲቲፒኤ የሚባል ጂን ነው የተበላሸባት። ሐኪሟ ያስረዳችንን ልንገራችሁ። ጉበት ውስጥ ቫይታሚን ኢን እየመረጠ ወደ ደም በሚሄዱት የቅባት እንክብሎች ላይ የሚጭን ፕሮቲን አለ። አልፋ ቶኮፌሮል የሚባለውን ዓይነት ብቻ ለይቶ ይጭናል። እህቴ ጫኚው የላትም። ቅባቱ አለ፣ እንክብሉ አለ፣ አንጀቷም ቫይታሚኑን ይቀበላል። ጫኚ ስለሌለ ግን እንክብሎቹ ባዶአቸውን ይሄዳሉ። እናትና አባቴ እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ ቅጂ ነበራቸው፣ እነሱ ግን ደህና ናቸው። ሁለቱንም የወረሰችው እሷ ናት። እንዲህ ዓይነት ወላጆች ካሏቸው ልጆች ሕመሙ የሚይዘው በአማካይ ከአራት አንዱን ነው።

ሕክምናው ያው ክኒን ነው። ተራ አዋቂ በቀን 15 ሚሊግራም ይበቃዋል። እሷ የምትወስደው የዚያን ብዙ እጥፍ ነው፣ ዕድሜ ልኳን፣ በሐኪም ክትትል። ሕመሙ ቆመ። ያጣችው ሁሉ አልተመለሰም፣ አካሄዷ ዛሬም ይታወቃል። ግን ከዚያ ወዲህ አልባሰባትም። ትንሹ ወንድማችን በ4 ዓመቱ ተመርምሮ እሱም እንዳለበት ታወቀ። ምንም ምልክት ሳያሳይ ጀመረ። ዛሬ ኳስ ይጫወታል።

ስለዚህ አንድ ልጅ ሚዛኑን ሲያጣ፣ ጽሕፈቱ ሲበላሽ ያያችሁ፣ ቫይታሚን ኢ ይታይለት ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ብልቃጥ ደም ነው።

ነጭ ጋዋን፦

ወንድሜ፣ ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። እንባዬ መጣ። ለላብራቶሪ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቫይታሚን ኢ ሲታዘዝ የደም ቅባት በዚያው ናሙና አብሮ ይሠራ። ናሙናውም ከብርሃን ይጠበቅ።

የበኩር ልጅ (ከአራት ወር በኋላ)፦

እንዴት ከረማችሁ። ውጤት ይዤ ነው የመጣሁት።

ክሮሞዞም 11 የጠረጠሩት ልክ ነበር። ስኳሬ ተለካ፣ የሦስት ወሩ አማካይ 7.4 በመቶ ሆነ፣ ስኳር አለብህ ተባልኩ። የእግሬ መደንዘዝ ከዚያ ነው አለ ሐኪሙ። ስለ አባቴ ነጭ ደምም ነገርኩት። ብዕሩን አስቀምጦ ነው ያዳመጠኝ። መድኃኒት ጀመርኩ፣ ክብደትም ቀነስኩ።

ትናንት የመጣው ይኸውና። ኮሌስትሮል 220፣ ትራይግሊሰራይድ 210፣ ቫይታሚን ኢ 14.5። ወንድሜ ስልክ ላይ ሳነብለት "ቫይታሚንህ ወረደ እንዴ!" ብሎ ደነገጠ። ቆይ አልኩትና ወረቀት አወጣሁ። 220 እና 210፣ 430። በሊትር 4.3 ግራም። 14.5 ለ4.3 ሲካፈል 3.4። የመጀመሪያው ቀን 3.3 ነበር። አልወረደም። ተሸካሚው ነው የቀነሰው።

ወንድሜ ስኳር የለበትም፣ ተለክቷል። እሱ 310 የሆነው ያለ ስኳር ነው። ሐኪሙ በየስድስት ወሩ ይከታተለዋል። የ15 ዓመት ልጄም ቅዳሜ ጠዋት በባዶ ሆዷ ደም ትሰጣለች። አያቷን አላየችውም። ስለ ነጩ ደም ትናንት ማታ እናቴ ራሷ ነገረቻት።